ማቹ ፒቹ ከቤተሰብ ጋር፤ ከዝቅታው እንጀምር

በሜሪላንድ በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆችስ? ደህና ናችሁ? ለእናንተም ተራ አለኝ። ስለ ገመዱ ስናወራ እጠራችኋለሁ፤ እስከዚያ ታገሡን።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ፔሩ ለመሄድ ያሰባችሁ ብዙ ቤተሰቦች እንዳላችሁ አዘጋጆቹ ነግረውኛል። አያት ይዞ የሚሄድ አለ፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዞ የሚሄድም አለ። ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ማቹ ፒቹ፣ የጥንቶቹ ኢንካዎች የተራራ ከተማ ፍርስራሽ፣ ለአያትም ለሕፃንም የሚሆን ቦታ ነው። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ቅደም ተከተል። ምን ይቀድማል? ምን ይከተላል? እዚያ ሄዶ የሚታመመው፣ በር ላይ የሚመለሰው፣ ባቡር የሚያመልጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኋላ መምጣት የነበረበትን ያስቀደመ ሰው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር በተራው አነሣለሁ፤ አንደኛ ከፍታውን፣ ሁለተኛ ቲኬቱን፣ ሦስተኛ እዚያ ደርሰን የምናየውን። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከከፍታው ልነሣ። ኩስኮ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ላይ ናት። ማቹ ፒቹስ? 2,430 ሜትር። ልብ በሉልኝ! ፍርስራሹ ከከተማዋ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ግን «የተራራ ላይ ፍርስራሽ» ሲባል ከሁሉም ከፍ ያለው እሱ ይመስለዋል። «ኩስኮ ሁለት ቀን ዐርፈን እንለምድና ከዚያ እንወጣለን» ይላል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከኩስኮ ወደ ማቹ ፒቹ መሄድ መውረድ ነው። ከሊማ፣ ከባሕሩ ጠረፍ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ በረራ 3,400 ሜትር ላይ የሚያርፍ ሰው፣ ከጉዞው ሁሉ ከባዱን ሌሊት መጀመሪያ ላይ አመጣው ማለት ነው። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ እንቅልፍ ማጣቱ በዚያች ሌሊት ይመጣል። ሕፃን ያለቅሳል፣ አያት ምግብ አይበሉም፣ በማግስቱ የተያዘው ጉብኝት ይሰረዛል።

«እኛ እኮ የደጋ ሰዎች ነን፤ ከፍታ ምን ያደርገናል?» የሚል ሐሳብ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ይህ ሐሳብ ግማሽ እውነት አለው፤ ስለዚህ በደንብ እንየው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከማቹ ፒቹ ጋር እኩያ ናት ማለት ይቻላል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ናት፤ ያ ደግሞ ወደ ማቹ ፒቹ የሚሄደው ባቡር መነሻ ከሆነችው ከኦያንታይታምቦ ጋር ይቀራረባል። ኩስኮ ግን ከደብረ ብርሃንም 500 ሜትር በላይ ትበልጣለች። በ2002 ሲንትያ ቢል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ደም መርምረው ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ለከፍታው መቋቋሚያ ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ያበዛሉ። የእኛዎቹ ደጋ ነዋሪዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከቆላ ሰው ብዙም ሳይለይ በደማቸው ያለው ኦክስጅን በቂ ሆኖ ተገኘ። የሚያስደንቅ ነው፤ ሁለት ሕዝብ አንዱን ችግር በሁለት መንገድ ፈታው።

ነገር ግን፣ ነገር ግን! ጥናቱ የተደረገው እዚያው ተወልደው እዚያው በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። በአገር ቤት ኑሮ የተገኘ ልምምድ ቆላ ከወረዱ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። እናንተ ደግሞ ሜሪላንድ ስንት ዓመት ኖራችሁ? ልጆቻችሁስ የት ተወለዱ? እዚህ የተወለደ ልጅ ኩስኮ ሲደርስ እንደ ማንኛውም የቆላ ልጅ ነው። አያትየው ባለፈው ወር ከደብረ ብርሃን መጥተው ከሆነ ከሁላችሁም የሚሻሉት እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኩስኮ አውሮፕላን ማረፊያ እንደወረዳችሁ ከተማው ውስጥ አትደሩ። መኪና አስቀድማችሁ ተከራዩና በቀጥታ ወደ ኡሩባምባ ሸለቆ ውረዱ። ኡሩባምባ 2,870 ሜትር፣ ኦያንታይታምቦ 2,790 ሜትር ነው። መንገዱ እንደ መኪናው ብዛት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አትጎብኙ። ውሃ ጠጡ፣ ቀለል ያለ ምግብ ብሉ፣ አልኮል ተዉ፣ በጊዜ ተኙ። በሁለተኛው ቀን ኦያንታይታምቦን በዝግታ እዩ። በሦስተኛው ቀን ባቡር ተሳፍራችሁ ከማቹ ፒቹ ግርጌ 2,040 ሜትር ላይ ወደምትገኘው መንደር ወደ አጉዋስ ካሊየንቴስ ውረዱና እዚያ እደሩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ማቹ ፒቹ፣ ማታ ወደ ሸለቆው መመለስ። በአምስተኛው ቀን ሞራይ ወይም ፒሳክ ከሚባሉት ሌሎች ፍርስራሾች አንዱን አይታችሁ ወደ ኩስኮ ውጡ። ኩስኮንና ከእሷ በላይ 3,700 ሜትር ላይ ያለውን ሳክሳይዋማን የተባለ የኢንካ ፍርስራሽ ስታዩ ሰውነታችሁ አምስት ቀን ለምዷል። ይህ ነው ዝቅታውን ማስቀደም የምለው።

ምልክቱን ሁላችሁም እወቁት። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። መናገር የማይችል ሕፃን እንዴት ይታወቃል? ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፣ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ይላል፣ ጨዋታ ይተዋል፣ እንቅልፉ ይረበሻል። ሕጉ አጭር ነው፤ ምልክት ያለበት ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም፤ እየባሰበት ከሄደ ይወርዳል። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳል ካበዛ፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ፤ አውርዱት፣ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ሳንባና አንጎል ላይ የሚደርሰው የከፍታ ሕመም ይገድላል።

መድኃኒቱ ዳያሞክስ ይባላል፤ በሙሉ ስሙ አሴታዞላማይድ። ለመከላከል አዋቂ የሚወስደው የተለመደ መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመውጣቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ለልጅ በክብደቱ ተሰልቶ ሐኪም ነው የሚያዘው። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይነካው። ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል፤ ረጅም የመኪና መንገድ ላይ ይህን አስቡ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመምተኛ ቲኬት ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ስለ ኮካ ሻይ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሆቴል ስትገቡ በፍላጎታችሁ ይቀርብላችኋል፤ ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው፣ የአገሬው ሰው ከጥንት ጀምሮ የኖረበት ነው። ነገር ግን በዚህ ክፍል ውስጥ የጭነት መኪና የሚነዱ አሉ፣ ሆስፒታል የሚሠሩ አሉ፤ መሥሪያ ቤታችሁ የሽንት ምርመራ ያደርጋል። አንድ ስኒ የኮካ ሻይ በምርመራው ላይ ኮኬይን ተብሎ ሊወጣ ይችላል። እንጀራችሁን አስቡና ተዉት፤ በአካባቢው ሙኛ የሚባል ጥሩ መዓዛ ያለው ቅጠል አለ፣ እሱን ጠይቁ። ቅጠሉንም ሆነ የሻይ ከረጢቱን ይዛችሁ ወደ አሜሪካ እንዳትመለሱ፤ ወደ ዐረብ አገር የሚሻገር ዘመድ ካላችሁ ደግሞ አጥብቃችሁ ንገሩት።

ሁለተኛው ነገር ቲኬት ነው። እዚህ ላይም ቅደም ተከተል! መጀመሪያ የማቹ ፒቹ መግቢያ፣ ቀጥሎ ባቡር፣ ቀጥሎ ሆቴልና አውሮፕላን። ለምን? የመግቢያው ቁጥር የተወሰነ ነው። ባቡር ገዝቶ መግቢያ ያጣ ቤተሰብ እታች መንደሩ ውስጥ ይቀራል። የእናንተ የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ከጁን እስከ ኦገስት፣ እዚያ ዝናብ የሌለበት ወራት ነው፤ ሰውም የሚጎርፈው ያኔ ነው። ወራት ቀድማችሁ ግዙ። ሽያጩ የፔሩ ባህል ሚኒስቴር ቱ ቦሌቶ በሚባለው የራሱ ገጽ ላይ ነው። ለውጭ አገር አዋቂ መደበኛው መግቢያ በፔሩ ገንዘብ 152 ሶል፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ 70 ሶል ነው። ከ3 ዓመት በታች ነፃ ነው። ዋጋ ይለወጣልና ከመክፈላችሁ በፊት ገጹን እዩ።

ቲኬቱ ቀን ብቻ የለውም፤ ሰዓትም መስመርም አለው። ከጁን 2024 ጀምሮ ፍርስራሹ በሦስት ዙር፣ በጠቅላላው በዐሥር መስመር ተከፍሏል። ዙር 1 ከላይ ካሉት እርከኖች ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ማየት ነው፤ ፎቶው ያምራል፣ ግን ወደ ቤቶቹ መካከል አያስገባም። ዙር 2 ሁለቱንም ይሰጣል፤ ከላይ ታያላችሁ፣ ከዚያ ወርዳችሁ ከተማው ውስጥ ትሄዳላችሁ። ዙር 3 ከታች በኩል ነው፤ የሚወጣው ደረጃ ያንሳል። የእኔ ምክር? ልጆች ካሉ ዙር 2። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት ካሉ ዙር 3 መደበኛው መስመር፣ ማለትም 3-B። ሁሉንም ቤተሰብ በአንድ መስመር አስገቡ፤ ግማሹ በዙር 1፣ ግማሹ በዙር 3 ከገባ ውስጥ አትገናኙም። መንገዱ ወደ ፊት ብቻ ነው፤ ያለፉትን ለማየት ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ከፎቶው ጀርባ ሹል ሆኖ የሚታየው ዋይና ፒቹ ተራራ ለብቻው ቲኬት አለው፤ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይወጣበትም። ደረጃው ጠባብና ቁልቁል ስለሆነ ለዚህ ጉዞ ባትመርጡት ይሻላል።

አሁን የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከት ነገር ልንገራችሁ። ቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ፎርሙ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ዘንድ እናትየዋ በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ልጆቹ በአባታቸው፣ አባትየው በአያታቸው። አንዱ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ከፓስፖርቱ ግርጌ ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች ተመልከቱና እነሱ ላይ እንዳለው ጻፉ። እናት ለሁሉም በራሷ የቤተሰብ ስም ከሞላች በር ላይ ችግር ይፈጠራል። ቲኬት ከገዛችሁ በኋላ ፓስፖርት ካሳደሳችሁ የአሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ። የልጅ ዋጋ የከፈላችሁለት ልጅ ዕድሜው የሚታየው በፓስፖርቱ ነውና ዋናውን ያዙ፤ ኮፒ አይበቃም። በአሜሪካ ፓስፖርት የምትሄዱ ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ፣ ግሪን ካርድ ቢኖራችሁም፣ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የፔሩን ቆንስላ ጠይቁ።

ባቡሩ ከኦያንታይታምቦ አጉዋስ ካሊየንቴስ ድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስትሄዱ በግራ በኩል ያለው መቀመጫ ወደ ወንዙ ያያል። ትልቅ ሻንጣ አይጫንም፤ ሻንጣችሁን ሸለቆው ሆቴል ትታችሁ የአንድ ሌሊት ልብስ ብቻ ያዙ። ከአጉዋስ ካሊየንቴስ እስከ በሩ አውቶቡስ አለ፤ 25 ወይም 30 ደቂቃ ነው፣ ለአዋቂ በአንድ መንገድ 12 ዶላር ገደማ። ትኬቱን ማታውኑ ግዙ። የመጀመሪያው ንጋት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጆቹ 5:30 ላይ ይነሣል፤ ሰልፉ ከዚያ በፊት ይጀምራል። በእግር መውጣት ይቻላል፣ ግን 400 ሜትር ገደማ ሽቅብ ደረጃ ነው፤ ከልጅ ጋር አትሞክሩት፤ ጉልበታችሁን ለውስጡ አስቀምጡ።

ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም። እደግመዋለሁ፤ ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም! ከበሩ ውጭ ነው ያለው፤ ወጥቶ መመለስም አይፈቀድም። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ልጆቹን ሁሉ፣ «አልመጣብኝም» የሚለውንም ጭምር፣ አስገቡ። ምግብ ውስጥ አይበላም፤ ከመግባታችሁ በፊት አብሉ። ቦርሳ ከ40 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ጃንጥላ ክልክል ነው፤ የዝናብ ካፖርት ያዙ። ምርኩዝ ለአዛውንት የሚፈቀደው ጫፉ ጎማ ካለው ነው። የሕፃን ጋሪ አይገባም፤ ብረት ያለው የጀርባ ማዘያም አይገባም። የሚገባው ምንድን ነው? ለስላሳ ማዘያ! የእናቶቻችን አንቀልባ! ቆዳ ወይም ጨርቅ፣ ብረት የሌለው፣ ሁለት እጅ ነፃ የሚያደርግ። ለዚያ ደረጃ ከሱ የተሻለ አላውቅም። አንቀልባ ቤታችሁ ካለ አውጡት፤ ማሰሪያው ያልላላ መሆኑን እዩና ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ደረጃ ላይ ሞክሩት።

በመጨረሻ፣ ከማቹ ፒቹ በተመለሳችሁበት ዕለት ወደ ቤት የሚመለስ አውሮፕላን አትያዙ። አንድ ትርፍ ቀን ይኑራችሁ። የአካባቢው ሰዎች አድማ ሲመቱ ባቡሩም መንገዱም ይዘጋል። በዝናቡ ወራት ደግሞ ገደል ይናዳል። በጃንዋሪ 2010 ጎርፉ ሐዲዱን ሲቆርጠው ሺዎች የሚሆኑ ቱሪስቶች መንደሩ ውስጥ ለቀናት መውጫ አጥተው ቆይተው በሄሊኮፕተር ነው የወጡት። ሐዲዱ ከወንዙ ዳር ዳር ስለሚሄድ ነው፤ ሌላ የመኪና መንገድ በቀጥታ አይገባም።

እሺ። ቲኬቱን ጨረስን፣ ከፍታውን ጨረስን። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው፣ ምን እንይ የሚለው ነው።

ልጆች በግንብ ብዙ አይደነቁም፤ ግንብ አይተዋል። በውሃ ጀምሩላቸው። ማቹ ፒቹ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርድበታል። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ዝናብ በቀጭን ተራራ ጫፍ ላይ፣ በሁለት የመሬት ስንጥቆች መካከል የተቀመጠ ከተማ ይቀበለዋል። ታዲያ እንዴት አልተናደም? 1400ዎቹ ውስጥ በኢንካው ንጉሥ በፓቻኩቲ ዘመን ተሠርቶ፣ በ1530ዎቹ ሰው ትቶት፣ ለዘመናት ጠጋኝ ሳይኖረው እንዴት ቆመ? ኬኔት ራይት የተባሉት አሜሪካዊ የውሃ መሐንዲስ ከፔሩ አርኪዮሎጂስቶች ጋር ይህን ጥያቄ ለዓመታት አጠኑ። ከግንባታው ሥራ 60 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከመሬት በታች ነው ብለው ገመቱ። የምናየው ያነሰው ክፍል ነው ማለት ነው!

እርከኖቹን ተመልከቱ። ላዩ አፈር ነው፤ ከሱ ሥር አሸዋ ያለበት፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከታች ትልልቅ ድንጋይ። ዝናቡ አፈሩን ያረካና ቀሪው በጠጠሩ መካከል ሰርጎ ይወርዳል፤ ግንቡን ከጀርባው አይገፋውም። የድጋፍ ግንብ አገር ቤትም የሚወድቀው ከጀርባው ውሃ ሲታቆር አይደለም? ትልቁ ሜዳ ሥር ደግሞ ድንጋይ ሲጠረብ የተረፈው ፍንካች ተደልድሎ ተሞልቷል። የጠራቢው ውዳቂ የሜዳው ማድረቂያ ሆነ። ግንቦቹ ግርጌ ላይ ወደ 130 የሚጠጉ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ተቆጥረዋል። ልጆቻችሁን ፈልጉ በሏቸው፤ ማን ብዙ አገኘ? ሁለት ሰዓት ሳይሰለቹ ይሄዳሉ።

የመጠጡ ውሃ ሌላ ነው። ከተራራው ጎን ካለ ምንጭ 749 ሜትር በሚረዝም የድንጋይ ቦይ ይመጣል። ቦዩ የሚያዘቀዝቀው በጣም በቀስታ ነው፤ ቢፈጥን ድንጋዩን ይዘላል፣ ቢዘገይ ደለል ይሞላዋል። ከተማው ሲደርስ 16 ፏፏቴዎች ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወርዳል። የመጀመሪያው ለማን ነው? ከንጉሡ መኖሪያ አጠገብ ነው፤ ንፁሁን እሱ ይቀዳል፣ ሌላው ከሱ በታች። ክብ ቅርጽ ካለው የፀሐይ ቤተ መቅደስ አጠገብ ቆማችሁ አስጎብኚያችሁን «የፏፏቴዎቹን ደረጃ አሳየን» በሉት።

ከውሃው በኋላ ድንጋዩ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ የተገጠመ ግራናይት ነው። ብረት አልነበራቸውም፤ ጠንካራ ድንጋይ እንደ መዶሻ ይዘው ነው የቀጠቀጡት። የሸክም እንስሳቸው ላማ ነው፤ ላማ ደግሞ ግንድ የሚያህል ድንጋይ አይጎትትም። ሰው ነው የጎተተው፣ በገመድ። ዣን ፒየር ፕሮትዘን የተባሉ አርክቴክት በኢንካ የድንጋይ ካባ ውስጥ በድንጋይ መዶሻ ድንጋይ ጠርበው ሞክረዋል፤ ይቻላል፣ ከተገመተውም ይፈጥናል። ስለዚህ ልጆቻችሁ «ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሠሩት» የሚል ወሬ ይዘው ሲመጡ ዝም አትበሏቸው። የላሊበላን ሥራ መላእክት ብቻ፣ ወይም ፈረንጅ ሠራው ሲባል የሚሰማን ቁጣ ስለ እነዚያም ሰዎች ሊሰማን ይገባል። ሰዎች ሠሩት፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው ኬችዋ እየተናገሩ ይኖራሉ።

በሩንና መስኮቱን ልብ በሉ፤ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ነው። ግንቡም ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል። አገሩ የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ነው። በሜይ 1950 ኩስኮ ስትናወጥ ስፔኖች በኢንካው ቤተ መቅደስ፣ በቆሪካንቻ ላይ የሠሩት ገዳም ተሰነጠቀ፤ የሥሩ የኢንካ ግንብ ግን ቆመ። ኩስኮ ስትደርሱ ይህንን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

«አሜሪካዊው ሂራም ቢንገም ማቹ ፒቹን በ1911 አገኘው» ሲባል ደግሞ ይህን ጨምሩላቸው። ቢንገምን ጁላይ 24 ወደ ላይ የመራው መልቾር አርቴያጋ የሚባል የአካባቢው ገበሬ ነው። እላይ ሲደርሱ ሪቻርቴና አልቫሬዝ የሚባሉ ቤተሰቦች እርከኖቹን እያረሱ ይኖሩ ነበር፤ ፍርስራሹን እየዞረ ያሳየውም ከእነሱ ወገን የሆነ ትንሽ ልጅ ነው። ከዚያም በፊት አጉስቲን ሊሳራጋ የሚባል የኩስኮ ሰው ስሙንና 1902 የሚለውን ዓመት ግንቡ ላይ ጽፎ ሄዷል። ቢንገም ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ የወሰዳቸው ዕቃዎች ከ2011 ጀምሮ ተመልሰው ኩስኮ ውስጥ ካሳ ኮንቻ በሚባል ሙዚየም ይታያሉ፤ የተወሰደ ቅርስ ሲመለስ ምን እንደሚመስል ልጆቻችሁን አሳዩአቸው።

ድንጋይ አትንኩ፣ አትደገፉ። በ2000 ለቢራ ማስታወቂያ ቀረፃ የገባ ክሬን ወድቆ ኢንቲዋታና የተባለውን የተቀደሰ ድንጋይ ጠርዙን ሰብሮታል። ለአምስት መቶ ዓመት የቆየው በአንድ ቀን ተሰበረ።

አሁን ልጆች! ኑ፣ ቅረቡ። ኢንካዎች የምንጽፍበት ዓይነት ፊደል አልነበራቸውም፤ ሒሳባቸውን የያዙት ኪፑ በሚባል ገመድ ነው። 1912 ላይ ሌላንድ ሎክ የሚባል ሰው ቁጥሩን አነበበው። እናንተም ባቡሩ ላይ ትሠሩታላችሁ። ግማሽ ሜትር ገመድ አግድም ያዙ። ከሱ ላይ ሌሎች ቀጫጭን ገመዶች አንጠልጥሉ። በተንጠለጠለው ገመድ ላይ ከላይ ሺው፣ ቀጥሎ መቶው፣ ቀጥሎ ዐሥሩ፣ ከታች አንዱ። ሺ፣ መቶና ዐሥር በተራ ቋጠሮ ይቆጠራሉ፤ ለ400 አራት ቋጠሮ አቀራርባችሁ እሰሩ። የአንድ ቤት ግን በረጅም ቋጠሮ ነው፤ ገመዱን ለ3 ሦስት ጊዜ ጠምጥማችሁ ትጠብቁታላችሁ። 1 ብቻውን መጠምጠም ስለማይችል የስምንት ቁጥር ቅርጽ ባለው ቋጠሮ ይታሰራል። ዜሮስ? ባዶ ቦታ! ምንም አይታሰርም። እስቲ የማቹ ፒቹን ከፍታ እሰሩ፤ 2,430። ሁለት ቋጠሮ፣ ክፍተት፣ አራት ቋጠሮ፣ ክፍተት፣ ሦስት ቋጠሮ፣ ከታች ባዶ። ቀጥሎ ኩስኮን፤ ከታች ሁለት ባዶ ቦታ ይኖራታል። ቀጥሎ የአባታችሁን ዕድሜ እሰሩ፤ 41 ከሆነ የስምንቱን ቋጠሮ ታገኛላችሁ። ወላጆች፣ ለአንድ ልጅ አንድ ግማሽ ሜትር ወፍራም ገመድና አምስት ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ገመድ ይበቃል። ለስላሳና የማያንሸራትት የጥጥ ገመድ ይሁን፤ የናይለኑ ቋጠሮ ይፈታል።

ኦያንታይታምቦን እንደ ባቡር ጣቢያ ብቻ አታሳልፉት። ሰው ዛሬም የኢንካው መንገድ ላይ፣ የኢንካው ቦይ በበራፉ እየፈሰሰ ይኖርበታል። እላይ ስድስት ግዙፍ ቀይ ድንጋዮች ቆመዋል፤ የተቆረጡት ከወንዙ ማዶ ካለ ተራራ ነው፤ ወንዙን ተሻግረው መጡ። በ1530ዎቹ የኢንካው ንጉሥ ማንኮ ኢንካ የስፔኖችን ፈረሰኛ ጦር የመለሰው እዚህ ነው፤ ሜዳውን በውሃ አጥለቅልቆ። አድዋን የሚያውቅ ልጅ ይህን ታሪክ በቶሎ ይወደዋል። ማዶው ገደል ላይ የተንጠለጠሉት ቤቶች ጎተራዎች ናቸው፤ ከፍ ብለው የተሠሩት ነፋስና ብርድ እህሉን እንዲጠብቀው ነው።

ስለ ጾም ጠይቃችሁኛል። የሐዋርያት ጾም እስከ ጁላይ 12፣ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ ሁለቱም ዕረፍታችሁ ላይ ይወድቃሉ። አገሩ ለጿሚ ምቹ ነው። ድንች የተገኘው ከነዚያው ተራሮች ነው፤ ወደ እኛ አገር ያመጣው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ በ1858 ነው። ድንች በየዓይነቱ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ አቮካዶ፣ ሩዝ፣ ኪኑዋ አለ። ወጥመዱ ሾርባው ላይ ነው፤ የኪኑዋ ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ በዶሮ መረቅ ይሠራል፣ አይብና እንቁላልም ይገባበታል። «ሲን ካርኔ፣ ሲን ፖዮ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኡዌቮ» በሉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ዶሮ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ለባቡሩ ቆሎና ዳቦ ቆሎ መያዝ ትችላላችሁ፤ ሊማ ስትገቡ ግን በጉምሩክ አሳውቁ።

ልብስ፤ ቀን ፀሐይ ነው፣ ሌሊት ኩስኮ ጁንና ጁላይ ላይ ውርጭ አጠገብ ይደርሳል። ጋቢ ሸክም ቢመስልም ይጠቅማል። ፀሐዩ በከፍታው የተነሣ ይበረታል፤ የልጅ ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት አትርሱ። ማቹ ፒቹ ላይ ቁርጭምጭሚት የምትነክስ ትንሽ ዝንብ አለች፤ ረጅም ሱሪና ካልሲ አልብሱ። ጁን 24 ቀን ኢንቲ ራይሚ የተባለው የፀሐይ በዓል በሳክሳይዋማን ይከበራል፤ ማየት የምትፈልጉ ሆቴል በጊዜ ያዙ፣ ግርግር የማትፈልጉ ያንን ሳምንት ዝለሉት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የሁሉንም ሰው ፓስፖርት አውጡና የማብቂያ ቀኑን እዩ፤ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። የልጅ ፓስፖርት አምስት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ቀድሞ የሚያልፈው እሱ ነው። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከእናቶች እንጀምር።